ትንፋሽ

በ1998 ዓ.ም. ማንኩሽ ውስጥ ጋራዥ የምንለው አንድ የማንጎ ጥላና አንድ የዘይት በርሜል ነበር። አለቃዬ ጋሼ የሞተር ቴስታታ ይሞርዳል፤ እኔ ብርጭቆ ወረቀት አቀብላለሁ።

የዚያን ሰሞን አንዲት ዲኤክስ መኪና መጣችልን። ከጉባ ቆላ ተነስታ፣ ቻግኒን አልፋ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ያለችው እንጅባራ እስክትደርስ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ አንድ አሥረኛ ገደማ ይሳሳል፤ የእሷ ሞተር ደግሞ 1,290 ሲሲ ብቻ ነው። ጋሼ የደጋውን አየር ማወፈር አይችልም፤ መግቢያውን ግን ያቃናል። ፋብሪካው ሲያቀልጥ የተወውን ጉብታ፣ ቀዳዳውና ጋርኒሲዮኑ ያልገጠሙበትን ጠርዝ፣ ከቫልቩ መቀመጫ ሥር ያለውን እርከን በሞረድ ያነሳል። የጭሱን መውጫ እንደ መስታወት ይወለውላል። መግቢያውን ሻከር አድርጎ ይተወዋል፤ ግድግዳው ከለሰለሰ ካርቡራቶሩ የበተነው ቤንዚን እዚያው ይለጠፋላ!

እኔ ጎረምሳው፣ ጋሼ ምሳ ሲሄድ ጠብቄ አንዱን መግቢያ አሰፋሁት። ሰፊ በር ብዙ እንግዳ ያስገባል ብዬ። ተመልሶ ጣቱን ሰደደበት። አልተቆጣም። ማታ ወደ አባይ ይዞኝ ወረደ። ገደሉ በጠበበበት ውሃው ይጮሃል፤ በተንጣለለበት ተኝቷል።

«ቶሎ የሚደርሰው የትኛው ነው?»

ዝም አልኩ።

«አየርም እንዲሁ ነው። ነገ ሌሎቹን ካንተ ጥፋት ጋር አመሳስላለሁ፤ ምን ምርጫ አለኝ?»

ዲኤክሷ ሜዳ ላይ በረረች። ዳገት ላይ፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ ከድሮውም ባሰባት።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ያ ወንዝ ላይ የግድቡ መሠረት ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። የሚጮኸው ውሃ አሁን ሐይቅ ሆኖ ተኝቷል። መልሶ በብረት ቱቦ ሲጠብ ነው 13ቱን ተርባይኖች የሚመታው፤ ጋሼ ቢያይ ደስ ይለው ነበር። 5,150 ሜጋ ዋት። በ2016 ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ።

እኔ ዛሬ አዲስ አበባ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ ሳታሰማ ግቢዬ ገባች። ጨርቄን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ኮፈኗን ከፈትኩ። ቴስታታ የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ማርሚታ የለ። ጎንበስ ብዬ ስፈልግ ሾፌሩ ልጅ አዘነልኝ መሰለኝ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የፈለግኩት ለጎማዬ ንፋስ ነው።»

ሞላሁለት።