ጅራፍ ራሱ ገርፎ...

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል» የሚለውን ተረት ስብሰባ ላይ ያልሰማ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። እኔ ግን ተረቱ ጅራፍን ያለ ጥፋቱ የወነጀለው ይመስለኛል። ደህና አድርጎ የጮኸ ጅራፍ ማንንም አልነካም። ገላ ላይ ያረፈ ጅራፍ ድምፁ ይታፈናል፤ ጩኸቱ የሚወጣው አየር ላይ ሲቀር ነው። ጎበዝ አራሽ ጅራፉን ከበሬዎቹ በላይ ያጮኸዋል፣ በሬዎቹም ድምፁን ሰምተው ይስባሉ። ጀርባው የሰነበረ በሬ ካያችሁ ነውሩ የአራሹ ነው።

በጅራፍ ሰው አልተገረፈም ማለቴ አይደለም። በአደባባይ ሳይቀር ተገርፏል። ለገላ ተብሎ የተሠራው ግን አለንጋ ነው፤ አጭርና ደረቅ፣ የጉማሬ ቆዳ ከሆነማ አያድርስ። ጅራፍ ረጅም ነው፣ ተጣጣፊም ነው፣ የተሠራውም ለድምፅ ነው።

ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ስታውቁ ደግሞ ለሠሪው ያላችሁ አክብሮት ይጨምራል። ብዙዎቻችን ጫፉ ከራሱ ገመድ ጋር ሲላተም የሚጮህ ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው፦ ጅራፉ ከድምፅ ፍጥነት ስለሚያልፍ ነው የሚጮኸው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሰዓት ሲታሰብ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዛሬ የምንሳፈርበት የመንገደኞች አውሮፕላን እዚያ አይደርስም። አንድ እረኛ ግን በክንዱ ያደርሰዋል! እ.ኤ.አ. በ2002 አላይን ጎሪዬሊ እና ታይለር ማክሚለን የተባሉ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሊቃውንት ነገሩን በስሌት አሳይተዋል። ክንድ ሲወረወር ጅራፉ ላይ እጥፋት ይፈጠራል። እጥፋቱ ወደ ጫፍ ይሮጣል፤ ጅራፉ እየቀጠነ በሄደ ቁጥር የሚሸከመው ክብደት ስለሚያንስ ፍጥነቱ ይጨምራል። ጫፉ ከተነሳበት ፍጥነት ከ30 እጥፍ በላይ ሊደርስ ይችላል።

እንግዲህ የሥራው ቁም ነገር አቀጣጠኑ ላይ ነው ያለው። እጀታው ዘንድ ወፍራም፣ ጫፉ ላይ እንደ ክር፣ መሀሉ ላይ ድንገት ያልሰለለ። ይህን በእጅ ማውጣት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ሥራው የሚጀምረው ከቆዳው ነው። የበሬ ቆዳ በእርጥቡ በካስማ ተወጥሮ ሥጋውና ስቡ ይፋቃል፣ ጠጉሩም ይነሳል። የሆድ አካባቢ ቆዳ ስለሚለጠጥ ለጅራፍ አይመረጥም፤ የጀርባው ይሻላል። ጠፍር ማውጣት የሚያውቅ ሰው ቆዳውን ከዳር እስከ ዳር ቀጥ አድርጎ አይተለትለውም። መጀመሪያ ክብ አድርጎ ያስተካክለዋል፤ ከዚያ ቢላውን ከጠርዙ አስገብቶ እየዞረ፣ እየዞረ ወደ መሀል ይገባል። እንደዚያ ሲደረግ ክንድ ከማትሞላ ቁራጭ ብዙ ክንድ የሚረዝም፣ መቀጠል የማያስፈልገው ጠፍር ይወጣል። እጅ ካልተረጋጋ ግን አንዱ ቦታ ይሰፋል፣ አንዱ ይሳሳል፤ የሳሳው ቦታ ደግሞ አንድ ቀን መበጠሱ አይቀርም።

ጉንጎናው በርጥቡ ነው። ጠፍሩ ደረቅ ከሆነ እርስ በርሱ አይተኛም፣ ሲውል ሲያድር ይላላል። ሦስትም ይሁን አራት ጠፍር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ተስቦ መጠበቅ አለበት። ሠሪው ወደ ጫፍ ሲቃረብ ጠፍሮቹን ያሳሳል፤ ወይም አንዱን ከሌሎቹ ሥር ደብቆ ያስቀርና በቀሩት ይቀጥላል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፣ ፀሐይ ቆዳውን ይሰነጥቀዋልና። ሞራ ወይም ቅቤ ይታሻል። መጨረሻ ላይ ቀጭን ቃጫ ይታሰርበታል። ድምፁን የሚያወጣው ይህ ጫፍ ቶሎ ይፈታታል፣ ቶሎም ይለወጣል፤ ቆዳው ግን ከተያዘለት ዓመታት ይከርማል።

የቡሄ ልጆች ጅራፍ ብዙውን ጊዜ ቃጫ ወይም ልጥ ነው። ነሐሴ 13 ደብረ ታቦር ሲከበር የሚጮኸው ጅራፍ በተራራው ላይ የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ይባላል። መንደር ከመንደር ጅራፍ የሚጋረፍበት ቦታም አለ፤ እሱን አልወደውም፣ ዓይን ያጠፋል። አሁን ከተማው ውስጥ ርችቱ በዛ፣ ጅራፉም በናይሎን ገመድ ተተካ። ናይሎኑ ከእጀታው እስከ ጫፉ አንድ ውፍረት ነው። ልጁ ክንዱ እስኪዝል ይወነጭፈዋል፣ እንደ ልብ አይጮህለትም፤ ከዚያ ርችት ግዙልኝ ይላል።

የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቀውን ሰው «ፋቂ» ብለን ስንሰድብ ኖረናል። ሞፈሩ ከቀንበሩ የሚታሰርበት ምራን የእሱ ነው፤ የተኛንበት የጠፍር አልጋ የእሱ ነው። እህላችንን በእሱ ጠፍር አርሰን በልተን፣ ልጃችንን ለልጁ ለመዳር ስንጠየቅ ፊታችንን አዞርን። ብራና የሚፍቀው ሰው እኮ የሚሠራው ያው ቆዳ ነው፤ እሱን ግን በተሻለ ዓይን አየነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡ ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አግኝቷል።

ቡሄ ሲደርስ ለልጃችሁ ጅራፍ የምትገዙ ከሆነ ከሠሪው ግዙ። ከእጀታው እስከ ጫፉ በጣታችሁ ዳብሱት፤ ውፍረቱ ካልተለወጠ ተዉት፣ እየሳሳ ከሄደ ውሰዱት። በዋጋውም እባካችሁ አትከራከሩ። ልጁ ሲያጮኸው ደግሞ ከሰው ራቅ ይበል።