በዓል በአጅባር

አጅባር በደቡብ ወሎ፣ በአማራ ሳይንት ወረዳ ያለች የደጋ ከተማ ናት። በአጎራባቹ በቦረና ወረዳ ደግሞ መካነ ሰላም አለች። በመስከረም ወደዚህ አገር ስንሄድ ሜዳው በአደይ አበባ አጊጦ ይቀበለናል።

ግን አንድ ነገር እንወቅ። ዘመን የሚለወጠው አዝመራው ሳይሰበሰብ ነው። ገብሱም ስንዴውም ገና ማሳ ላይ ነው። በብዙ ቤት ጎተራው ጎድሏል። ታዲያ በዓሉ በምን ያምራል? በጎረቤት ነዋ! ያለው ለሌለው ዱቄት ያበድራል። አንዷ ቡና ታፈላለች፤ ሌላዋ ቆሎ ይዛ ትመጣለች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ጨዋታው አይቋረጥም።

ለእንቁጣጣሽ ሙስሊሙ ክርስቲያን ጎረቤቱን «እንኳን አደረሰህ» ይለዋል። ለኢድ ደግሞ ክርስቲያኑ ይሄዳል። ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፤ ቡናው ግን አንድ ነው።

በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን ድርቅ መታው። ብዙ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። ያን ጊዜ ያዩ ሰዎች የቁራሽ እንጀራንና የጎረቤትን ዋጋ ያውቃሉ።

እኛም ውለታ አንርሳ። ዛሬ መጻፍ ችለናል። በክፉ ቀን የደረሰልንን ሰው ስም በደብተራችን እንጻፍ። በበዓሉ ዕለት ቤቱ ሄደን እናመስግነው።