ውኃውን ተከትሎ ወደ ላይ

ዓርብ። ከአዲስ አበባ የተነሣነው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፈን፣ መቂን፣ ባቱን፣ አርሲ ነጌሌን እያለፍን 275 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰን ሐዋሳ ስንገባ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። የጥቅምት ሰማይ አንድ ደመና የለበትም። ጉልበቴ ከሁለት ዓመት ወዲህ ዳገት አልችል ብሎኛል፤ ስለዚህ ለሦስቱ ቀን የመረጥኩት ዛፍና ውኃ ያለበትን፣ ቀስ እያሉ ሜዳ ለሜዳ የሚሄዱበትን መንገድ ነው።

ከመናኸሪያው ፍቅር ሐይቅ እስከሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ድረስ ለባጃጅ 30 ብር ከፈልኩ። «ጋሼ፣ አሞራ ገደል ላድርስዎት እንዴ?» አለኝ ልጁ። በእግሬ እንደምሄድ ስነግረው «በዚህ ፀሐይ?» ብሎ አዘነልኝ። ዳር ዳሩን ስጀምረው ግን ፀሐዩ እምብዛም አላገኘኝም። ትልልቅ ሾላና ዋርካ ከላይ ተቃቅፈው ጥላ ሠርተዋል፤ በየጥላው ሥር ረከቦት ተዘርግቷል፤ ጥንዶች ፊታቸውን ወደ ውኃው አዙረው ተቀምጠዋል። ሐዋሳ ማለት በሲዳምኛ ሰፊ ማለት ነው ብለውኛል። ሐይቁ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ከባሕር የተቆረጠ ይመስላል፣ ማዕበሉ ዳር ያለውን ፊላ እያጎነበሰ ያቃናዋል። ሲዳማዎች የዘመን መለወጫቸውን ፍቼ ጨምበላላን የሚያከብሩበትን ጉዱማሌንም በዚያው አየሁት። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። እኔ የደረስኩበት ቀን ሜዳው ባዶ ነበር፣ ሁለት ልጆች ብቻ ኳስ ይራገጣሉ።

አሞራ ገደል ስደርስ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ጀልባዎቹ ከነመረባቸው ዳር ተጎትተዋል፣ ወጣቶቹ በርጩማ ላይ ተደርድረው አሳ ይበልታሉ። አንዱን ጠጋ ብዬ አየሁት። ቢላዋው ከመሳሉ ብዛት የጣት ያህል ቀጥኗል። ቆሮሶውን ከጭንቅላቱ ሥር ቀደድ ያደርግና የቆዳውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ፣ ሥጋውን በእጁ ይዞ አንዴ ሲስበው ቆዳው እንደ እርጥብ ወረቀት ተላጦ ይመጣል። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩለት፣ አንዱን አሳ ለመጨረስ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። ከኋላው አባ ኮዳዎቹ ወገባቸውን ሰበር አድርገው ለቅሶ ቤት እንደ መጡ ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ቁመታቸው ደረቴ ድረስ ነው። ከአንገታቸው የተንጠለጠለውን ሮዝ ከረጢት ሳይ ስማቸው ገባኝ። የአሳ ጭንቅላት ሲወረወርላቸው ምንቃራቸው እንደ ደረቅ እንጨት ይንቋቋል። ዛፉ ላይ ያሉት ጉሬዛዎች ግን ለዚህ ሁሉ ግርግር ግድ የላቸውም፣ ነጭ ጭራቸውን ቁልቁል ለቀው ቅጠላቸውን ያኝካሉ።

የአሳ ሾርባ ከዳጣ ጋር በላሁ፣ ላብ እስኪያጠምቀኝ። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉም ነበሩ፤ ድፍረቱ አልመጣልኝም። አጠገቤ መረብ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ነበሩና ስለ ሐይቁ ጠየቅኋቸው። የሚገባበት አለው፣ የሚወጣበት ግን አይታይም አሉኝ። እንደዚያም ሆኖ ውኃው አይጨውም፤ ከመሬት በታች ሰርጎ ይሄዳልና። «የሚገባውን ማየት ከፈለግህ ነገ ጥቁር ውኃ ሂድ» አሉኝና ከባልንጀራቸው ጋር በሲዳምኛ ረዘም ያለ ነገር አወሩ። ስለ እኔ ይሁን ስለ መረቡ አልገባኝም፣ ሳቃቸው ግን ደስ የሚል ነበር።

ቅዳሜ። እንደተባልኩት ማለዳ ጥቁር ውኃ ሄድኩ። ከተማው መግቢያ ላይ ያለው ድልድይ ነው፤ ስንት ጊዜ በአውቶቡስ ተሻግሬዋለሁ፣ አንድም ቀን ወርጄ አላየሁትም። ወንዙ እንደ ስሙ ጠቆር ያለ ነው። እፍኝ ሞልቼ ሳነሣው ግን ጥርት ብሎ ሻይ የነካው ይመስላል። ከብቶች በሚሄዱበት የእግር መንገድ በስተምሥራቅ ወደ ጨለለቃ ረግረግ አቀናሁ። አፈሩ ሲረግጡት ይሰምጥና እግር ሲነሣ መልሶ ይነፋል፣ እንደ እንጀራ። ከአሥር እርምጃ በኋላ ጫማዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጠቁሯል።

እዚህ ብዙ ቆየሁ። ፊላው ከሰው ቁመት ያልፋል፣ ውስጡ የማይታይ የወፍ መንደር አለ፣ ድምፁን እንጂ ባለቤቱን ለማየት አልታደልኩም። አንዷን ግን በደንብ አየኋት። ደረቷ ነጭ፣ ጀርባዋ የቡና ቀለም፣ ግንባሯ ላይ ሰማያዊ ነገር የተለጠፈባት ናት። ጣቶቿ ከእግሯ ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅም ናቸው፣ እንደ ሸረሪት እግር ከፈት አድርጋቸው ውኃው ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ትራመዳለች። ቅጠሉ በትንሹ ዝቅ ሲል እሷ ቀጣዩ ላይ ደርሳለች። ስሟን የጠየቅኋቸው ሁሉ «ወፍ ናት» አሉኝ።

ከብት የሚጠብቅ አንድ ጎልማሳ ተቀላቀለኝ። «አባቴ በልጅነቱ እዚህ በታንኳ ይሻገር ነበር» ብሎ በጅራፉ የቆምንበትን ሣር አሳየኝ። ጨለለቃ ከ50 ዓመት በፊት ውኃው የቆመ ሐይቅ ነበር። ከላይ ካሉት ተራሮች ዛፉ እየተቆረጠ፣ መሬቱ እየታረሰ ሲሄድ ጎርፍ አፈሩን ይዞ ወረደና ሞላው። አሁን የቀረው ይህ ረግረግ ነው፤ ለግጦሹም፣ ለሣር አጨዳውም ሁሉም የሚመጣበት። ሥራው ግን ከዚህ የበለጠ ነው። የሚወርደውን ደለል ፊላው ሥር አስቀርቶ ውኃውን ለሐይቁ አጣርቶ የሚሰጥ እሱ ነው። ትናንት አሞራ ገደል የበላሁት አሳ ለዚህ ጭቃ ውለታ አለበት። ሰው ሐይቁን ለማየት ከሩቅ ይመጣል፣ ይህን ግን «ምን አለው፣ ረግረግ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔም ሳልፍ ኖሬያለሁና ቆጨኝ።

ማታ ነፋሱ ቀዝቀዝ ሲል በሻፌታ፣ በሸክላ ዕቃው፣ የቀረበ ቡርሳሜ፣ ቆጮ በቅቤ፣ በላሁ። ቅቤው ለጣቴ ሳሙና የሚያስጠራ ነው። እንቅልፌም እንዲሁ ከባድ ነበር።

እሑድ። ውኃውን ወደ ምንጩ ለመከተል ወደ ወንዶ ገነት። በሚኒባስ ሻሸመኔ ተመልሼ፣ ሌላ ይዤ ግማሽ ሰዓት ያህል ተጓዝኩ። ሸንኮራ አገዳ፣ ጫት፣ እንሰት በግራና በቀኝ። ፍል ውኃው ዘንድ የዋናተኛው ጩኸት ስለበዛብኝ አልቆየሁም፣ ወደ ደን ኮሌጁ በኩል ያለውን ጥላ መረጥኩ። አንድ የአካባቢው ወጣት አብሮኝ መጣ። «አባባ፣ ቀስ ይበሉ፣ ቅጠሉ ያንሸራትታል» እያለ፣ ዝግባውን፣ ብሳናውን፣ ጥቁር እንጨቱን በየስማቸው አስተዋወቀኝ። ከጫካው ሥር ያለው አፈር በእጅ ሲያዝ ቡናማና ልቅ ነው፤ ውኃ ቢያፈሱበት እዚያው ይጠጣዋል። ጫካው አልቆ ማሳው ከሚጀምርበት ጥቂት እርምጃ አለፍ ብዬ ሌላ እፍኝ አነሣሁ። ጠጣር፣ ጠጠር የበዛበት ነው፣ ጎርፉም ክንድ የሚያስገባ ቦይ ቀዶበታል። ሁለቱን እፍኝ በግራና በቀኝ ይዤ ትንሽ ቆምኩ። ከላያችን ትልቅ ምንቃር ያላቸው ጥቁር ወፎች ሲያልፉ ክንፋቸው እንደ ወንፊት ሿ ይላል።

ተመልሰን ከምንጮቹ ከሚወርደው ጅረት ዳር ተቀመጥን። የትናንቱ የጨለለቃ ጭቃ ጫማዬ ላይ ደርቆ ነበርና አውልቄ ውኃው ውስጥ ነከርኩት። ጭቃው መጀመሪያ እንቢ አለ፣ በሣር ስፈትገው ለቀቀ። ጥቁር ጅማት ሠርቶ ድንጋዮቹን እየዞረ፣ ወደ ወጣበት ወደ ታች ወረደ። ጫማዎቼን ድንጋይ ላይ አስጥቼ፣ ልጁ ያስመጣውን ቡና በባዶ እግሬ ጠጣሁ።