የቀለም ዕድሜ

አዲስ አበባ ላይ ቀለም ቶሎ ይሸብታል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ፣ የፀሐይ ጨረር የሚደርሳት በቆላው አገር እንደሚሆነው በወፍራም አየር ተጣርቶ አይደለም። በብረት በር ላይ የተቀባ ደማቅ ቀይ ጥቂት በጋዎች ካለፉበት ቀይ መሆኑ ያጠራጥራል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የመኪና ጣሪያ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፊቱን ለሰማይ ሰጥቶ ይውላልና። ቀለም ማለት በማያያዣ ሙጫ ውስጥ የተበተነ እጅግ የደቀቀ ባለቀለም ዱቄት ነው። ጨረሩ በመጀመሪያ የሚያጠቃው ማያያዣውን ነው። ማያያዣው ሲደክም ዱቄቱ የሚይዘው አጥቶ ነጣ ብሎ በላዩ ላይ ይቀራል፤ በሸሚዝ እጅጌ ቢነኩት እጅጌውን ያለብሰዋል። መምህራን ይህን ነገር ከጥቁር ሰሌዳው ግርጌ ያውቁታል።

በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በግቢያቸው አንዲት ሰማያዊ ቮልስዋገን የሚያኖሩ ጡረተኛ የሥዕል መምህር አሉ። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች ናት። ያ እንደ ጥንዚዛ የጎበጠ ቅርጽ ለመጨረሻ ጊዜ ከፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ከሜክሲኮ፣ ከፑዌብላ ከተማ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ እኅቶቿ በዓለም ላይ ተበትነዋል። የጉለሌዋ ቮልስ ከብዙዎቹ የምትለይበት ነገር ቢኖር ቀለሟ ነው፤ ከፋብሪካ ለብሳው የወጣችውን ሰማያዊ እስከ ዛሬ አልቀየረችም። በእርሷ ዕድሜ የሚገኙ መኪናዎች አብዛኛዎቹ ሁለትና ሦስት ጊዜ ስቱኮ ተለስነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትገው፣ እንደገና ተቀብተዋል። የሰፈሩ ቀለም ቀቢም በበሩ ባለፈ ቁጥር፣ «መምህር፣ ይስጡኝና በሳምንት ውስጥ ሙሽራ ላድርግልዎት» ማለቱን አልተወም። መልሳቸው ዘወትር አንድ ነው፦ «ሙሽራ ሆና ነው የመጣችው፤ ሁለተኛ አትዳርም።»

መኪናዋ የባለቤታቸው ነበረች። ባለቤታቸው አዋላጅ ነርስ ነበሩና ሌሊት ሲጠሩ ከዚያው ግቢ በራሳቸው እጅ ነድተዋት ይወጡ ነበር። ያረፉት በ2003 ዓ.ም. ነው። መምህሩ ከዚያ ወዲህ መኪናዋን የሚነዱት ለክብረ በዓልና ለልቅሶ ብቻ ነው፤ በዓመት አንድ ቀን ግን ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ጠፈፍ ሲል፣ የጥቅምት ነፋስ አቧራውን ሳያነሣ፣ ከማለዳው 1 ሰዓት ጀምሮ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲወለውሏት ይውላሉ።

ሥራው በውሃ ይጀመራል። መኪናዋ በቤቱ ጥላ ሥር ትቆማለች፤ በጋለ ላሜራ ላይ ሳሙናም ሆነ ሰም ሳይታሰብ ይደርቃልና። ሁለት ባልዲ ይቀርባል፤ አንዱ የሳሙናው፣ ሌላው ጨርቁ የሚታጠብበት ነው። ጎረቤቶች ይህን አይተው የጡረታ ሥራ ነው እያሉ ይስቃሉ። ይሁን እንጂ በሁለተኛው ባልዲ ግርጌ የሚዘቅጠውን አሸዋ ያየ ሰው አይስቅም፤ ሥራው በአንድ ባልዲ ቢሆን ኖሮ ያ አሸዋ ሁሉ በጨርቁ ተመልሶ ወደ ቀለሙ ይሄድ ነበር። በእውነቱ መኪና በመንገድ ከምትጫረው በአጣቢ እጅ የምትጫረው ይበልጣል። የልብስ ሳሙና ዱቄት በዚህ ግቢ ለመኪና አይነካም፤ ቅባት እንዲያስለቅቅ የተሠራ በመሆኑ ያለፈውን ዓመት ሰም ጠራርጎ ይወስዳል። በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ መወልወል የሚባለውን ዘዴማ መምህሩ ሲነሣባቸውም አይወዱም። ለአንድ ሰዓት ያብለጨልጭና፣ ከዚያ በኋላ የሰፈሩን አቧራ ሁሉ ጠርቶ ያስቀምጣል።

መኪናዋ ከደረቀች በኋላ መምህሩ እጃቸውን በስስ ፌስታል ውስጥ ከትተው በኮፈኑ ላይ በቀስታ ያንሸራትታሉ። ዓይን ያላየውን ፌስታሉ ይናገራል፤ የባሕር ዛፍ ሙጫ፣ የወፍ ኩስ ርዝራዥ፣ ከመንገድ የተነሣ የብረት ብናኝ እንደ አሸዋ ይሻክራል። ይህ ሳይነሣ ወደ ማወልወል መግባት ያልተፋቀ ብራና ላይ ለመጻፍ እንደ መነሣት ነው።

ማወልወልና ሰም መቀባት በብዙ ሰው ዘንድ አንድ ሥራ መስለው ይታያሉ። አይደሉም፤ እንዲያውም ተቃራኒዎች ናቸው። አንዱ ይቀንሳል፣ ሌላው ይጨምራል። የማወልወያው ቅባት፣ በጋራዥ ቋንቋ ኮምፓውንድ የሚባለው፣ በዘይትና በውሃ የተለወሰ የደቀቀ ድንጋይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ይገባበታል። ጭረት ማለት በቀለሙ ውስጥ የተቀደደ ቦይ ነው። ኮምፓውንድ ቦዩን አይሞላም፤ በዙሪያው ያለውን ቀለም ዝቅ በማድረግ ቦዩን ያጠፋዋል። በሻከረ ገጽ ላይ የወደቀ ብርሃን በየአቅጣጫው ይበታተናል፤ በተስተካከለው ላይ የወደቀው ግን በአንድነት ወደ ተመልካች ዓይን ይመለሳል። መኪና አበራች የሚባለውም ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ማብራቷ የሚገኘው ከሥጋዋ ተቆርጦ ነው ማለት ነው።

ባለፈው ጥቅምት ሴት ልጃቸው ልታግዛቸው መጥታ ሳለ ይህን በዓይኗ አየች። አባቷ ጨርቁን አራት አጥፈው፣ ሁለት ክንድ በሚያህል ስፍራ ላይ ብቻ፣ ቀጥ ባለ መስመር ሲመላለሱ ከቆዩ በኋላ ጨርቁን ሲያነሡት ሰማያዊ ሆኗል።

«አባባ፣ ቀለሙ እኮ እየለቀቀ ነው!»

«ይልቀቅ እንጂ። የሚለቀው የሞተው ነው።»

ልጅቱ የምትነዳው አዲስ ዘመን መኪና ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ በስፋት በተለመደው አሠራር ከቀለሙ በላይ ቀለም የሌለው፣ እንደ መስተዋት የጠራ ሌላ ቅብ ስለሚጨመር፣ የዚያን መኪና የሚወለውል ጨርቅ ቀለም አይነካውም። በቮልስዋ ላይ ግን እንዲህ ያለ ጋሻ የለም፤ ከላይ የሚታየው ሰማያዊው ራሱ ነው።

ይህን ያወቀ ሰው ሌላም ነገር ማስላቱ አይቀርም። የፋብሪካ ቅብ ከሥር ካለው መሠረት ጋር ተደምሮ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ አንድ የሰው ፀጉር ከዚህ ብዙም አይቀጥንም። ሰማያዊው ደግሞ የዚህ ከፊሉ ብቻ ነው። በጠርዝና በጉብታ ላይ ገና ከመጀመሪያው ይሳሳል፤ ሳይደርቅ ከጠርዙ ወደ ሜዳው የመሸሽ ጠባይ አለውና። መምህሩ ለ12 ዓመታት ያህል በየጥቅምቱ መላዋን መኪና ሲወለውሉ ኖረው፣ አንድ ቀን በፊተኛው ፓራፋንጎ ጉብታ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ግራጫ መስመር አዩ። አቧራ መስሏቸው ጠረጉት። አልጠፋም። ከሥር ያለው መሠረት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፓውንዱ የሚነካው ጣሪያውንና ኮፈኑን ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በጣት ጫፍ ተለክቶ ነው፤ ጠርዞቹ ሁሉ ለሰም ብቻ ተተዉ።

ሰሙ የሚመጣው በትንሽ ክብ ቆርቆሮ ነው። ዋነኛው ንጥረ ነገር ካርናውባ ይባላል፤ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዛፍ ቅጠል የሚፋቅ ሰም ነው። ዛፉ ይህን ሰም የሚለብሰው ድርቅ በሚበዛበት በዚያ አገር ውሃው በቅጠሉ እንዳይተንበት ነው። የንብ ሰም በ63 ዲግሪ አካባቢ ሲቀልጥ፣ ካርናውባ እስከ 82 ዲግሪ ይታገሣል፤ በቀትር ፀሐይ ለሚግል ጣሪያ የተመረጠበት ምክንያትም ይኸው ነው። ብቻውን ግን እንደ ድንጋይ ይጠጥራልና በሚያለሰልስ ዘይት፣ አንዳንዴም በንብ ሰም ይለወሳል። በፒያሳ ሊስትሮዎች ሣጥን ውስጥ ያለው የጫማ ቀለምም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ዘር ነው። አንድ ጎበዝ ሊስትሮ ጭቃውን አስቀድሞ ካላራገፈ ቀለም እንደማያስነካ፣ ቀለሙንም በስሱ ቀብቶ ጥቂት ካላቆየ በጨርቅ እንደማይመታ የሚያይ ሰው፣ ስለ መኪና ሰም ሌላ አስተማሪ አያስፈልገውም።

ለነገሩ ይህ ጥበብ በየቤቱ ማዕድ ቤትም አለ። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር እየታሰሰ፣ ዘይቱ ወደ ሸክላው ቀዳዳ ሁሉ እየሰረገ፣ እንጀራ እንዳይዝ ሆኖ ይለሰልሳል። ልዩነቱ ምጣዱ የሚታሰሰው ለሥራው ሲሆን መኪናዋ የምትታሰሰው ለዓይን መምሰሉ ነው። መምሰሉ ብቻ ነው፤ ሰም የጠጣ ላሜራ ውሃ አያሳርፍም፣ ውሃ ያላረፈበት ላሜራም ዝገት አይጀምረውም።

የቅኔ ተማሪዎች ሰም የሚለውን ቃል ሲሰሙ ወዲያውኑ ወርቁን ይፈልጋሉ። ምሳሌው ከአንጥረኛ ቤት የተገኘ ነው፤ አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ያበጃል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሰሙን አቅልጦ ያስወጣና ባዶው ላይ ወርቅ ያፈሳል። ሰም እዚያ ለመሄድ የተፈጠረ ነው። በጉለሌው ግቢ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል፤ የሚሳሳው ከሥር ያለው ነው፣ ሰሙ ከላይ ሆኖ ስለ እርሱ ይጎዳል። በሁለትና በሦስት ወር አልቆ እንደገና ይቀባል እንጂ ሰማያዊውን አያስነካም።

ሰሙ በስሱ ተቀባ። አባትና ልጅ አንደኛው በአንድ ጎን፣ ሌላይቱ በሌላ ጎን ሆነው፣ ነጭ ጉም እስኪመስል ድረስ እየጠበቁ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አነሡት። ልጅቱ በነጂው በር ላይ ስትደርስ ከመያዣው በታች ያለውን ስፍራ ልብ አለችው። መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጡ፣ እርስ በርሳቸው የተደራረቡ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። ጥልቅ አይደሉም፤ በሩብ ሰዓት ማወልወል የሚጠፉ ናቸው።

«አባባ፣ ይቺን ረሷት እኮ።»

«አልረሳኋትም።»

ኮምፓውንዱን ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ ቆርቆሮውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ከዚያም እንደ ትምህርት ማብራሪያ አድርገው፣ ረጋ ብለው ነገሯት። እናቷ ሌሊት ሲጠሩ በጨለማ በሩን የሚከፍቱት በአንድ የቁልፍ ማያያዣ ላይ የቤቱን፣ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑንና የመኪናዋን ቁልፍ አንድ ላይ ይዘው ነበር። አንዱ ቁልፍ ሲዞር የቀሩት ተንጠልጥለው በሩን ይመታሉ። በኩራዝ ብርሃን ማየት ይቻል ይሆናል፤ ግን የሚቸኩል ሰው ኩራዝ አይፈልግም። እያንዳንዷ ጭረት አንድ ሌሊት ናት ማለት አይቻልም፤ አንዳንዷ ገበያ የተሄደበት ቀን ትሆናለች።

ልጅቱ ዝም ብላ ጎንበስ አለችና ጭረቶቹን በጥፍሯ ሳይሆን በጣቷ ጫፍ ዳሰሰቻቸው። ከዚያም አንድ ተገቢ ጥያቄ ጠየቀች፤ ቀለሙ እንዲህ ተገልጦ ከቀረ ዝገት አይጀምረውም ወይ አለች። አባቷ ይህን አስቀድመው አስበውበት ኖሮ፣ ቦዮቹ ከሰማያዊው አልፈው እንዳልወረዱ በየዓመቱ በአጉሊ መነጽር እንደሚያዩ፣ ሰሙንም በዚያ ስፍራ ሁለት ጊዜ እንደሚደርቡ ነገሯት። ሁለተኛው ሰም የሚቀባው የመጀመሪያው አድሮ ሲጠጥር ነው። ስለዚህ በማግሥቱ ማለዳ መምጣት ትችል እንደሆነ ጠየቋት፤ ሥራ ከመግባቷ በፊት እንደምትመጣ ነግራቸው ጨርቆቹን ለማጠብ ወደ ቧንቧው ሄደች።