ያጣራሁት ዘር

የእህቴ ልጅ የወደደችውን ሰው እንዳታገባ ያደረግሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ለጠየቀኝ ሁሉ «ቤተሰቡ እንቢ አለ» ስል ኖሬያለሁ። ውሸት ነው።

መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ እህቴ ቤት ሽማግሌ ሲላክ፣ የታሪክ መምህር በመሆኔ «አንተ የተማርከው ዘሩን አጣራ» ተባልኩ። ከገበያ የሚመለሱ አዛውንቶችን ጠየቅሁ። አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የልጁ ቅድመ አያት የቤት ውላጅ ነበረች» አለኝ፤ ከባሪያ የተወለደች ማለቱ ነው። ይጠጣል? ሥራ ይወዳል? ይህን አልጠየቅሁም። እህቴ «ታዲያ ምን ይሻላል?» ስትለኝ «ይቅርባት» አልኳት። ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ተሰጣቸው፤ ቀጠሮው ሌላ ቀጠሮ ወለደ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

በዚያው ዓመት ፋሺስት ኢጣሊያ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ያወጣችውን ሕግ ክፍል ውስጥ አስተምር ነበር። ኢጣሊያዊ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰር ይላል። ያው መንግሥት በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. እዚሁ መንዝ፣ ዘረት ዋሻ የተጠለሉትን አርበኞች ከነሚስትና ልጆቻቸው በመርዝ ጋዝና በጥይት እንደፈጀ ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጣል። በ2012 ዓ.ም. ጆርጅ ፍሎይድ ሚኒያፖሊስ ላይ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሲሞትም ስልኬ ላይ እያየሁ አልቅሻለሁ። የእህቴን ልጅ የጠየቀው ሰው ግን ያኔ እንኳ ትዝ አላለኝም። ጥቁር ተበደለ ሲባል በዳዩ የግድ ነጭ ይመስለኝ ነበር።

አላውቅም ነበር እንዳልል አስተምረዋለሁ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከአንኮበር ወረድ ብሎ፣ አልዩ አምባ አጠገብ፣ ዓብዱል ረሱል ገበያ ላይ ሰው ይሸጥ ነበር፤ ነጋዴውም ወደ ታጁራ ወደብ ይነዳዋል። ባርነት በአዋጅ የተሻረው ከኢጣሊያ መባረር በኋላ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። መንዝ ውስጥ ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት ጀምሮ በእናትም በአባትም ተቆጥሮ ስለነበር፣ ተሽጦ የመጣ ሰው ቆጥሮ የሚደርስበት አባት አልነበረውም። ነፃ ቢወጣም እርሻ አልነበረውም። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን አስቀረ፤ ዘር ቆጠራው ግን መሬቱን ለቆ ጋብቻ ላይ ሰፈረ። እኔም ያን ጊዜ የቆጠርኩት የምካፈለው መሬት ኖሮ አይደለም። ሰው ምን ይለናል ብዬ ነው።

ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ። ያ ደግሞ ቀላሉ ነበር። የእህቴ ልጅም የጠየቃት ሰውም ዛሬ የየራሳቸው ትዳር አላቸው፤ ይህ ግን የእኔን ጥፋት አያቀለውም። እሱ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ጋሼ» ብሎ ቆሞ ሰላም ይለኛል። ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ ምክንያቱን መናገር ራሱ «ውላጅ» የሚለውን ቃል ዳግመኛ ፊቱ ላይ መወርወር እየመሰለኝ ፈራሁ። ፍርሃቴ ለእሱ ይሁን ለራሴ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ለራሴ ነው።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ለሽምግልና የምትቀመጡ ወገኖቼ፣ ዝምድና እንዳይኖር ቁጠሩ፤ ሰባት ቤት ካለፈ በቂያችሁ ነው። ከዚያ አልፋችሁ የማን አያት የማን አገልጋይ ነበረች ብላችሁ አትጠይቁ። አጣሩ ብሎ የሚልካችሁ ሰው ቢኖር አንሄድም በሉት።