አንተና አንቱ

እናንተ እዚህ አገር የተወለዳችሁ ልጆች ከአባታችሁ ጋር በእብራይስጥ ስታወሩ «አታ» ነው የምትሉት። ቋንቋው ሌላ ቃል የለውምና አይፈረድባችሁም። እኛ ግን እናታችንን «አንቺ»፣ አባታችንን «አንቱ» እያልን ነው ያደግነው። ትንሿ ልጄ፣ እዚህ ፔታሕ ቲክቫ የተወለደችው፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ስጸልይ ሰምታኝ እንዲህ አለችኝ፦ «አባ፣ እግዚአብሔርን አንተ ትለዋለህ። አያቴን ግን አንቱ ትለው ነበር አሉ። የበለጠ የምትፈራው ማንን ነው?» («ትላቸው» ማለት ነበረባት፤ ተዉት።)

ሳቄ መጣ፤ ግን አልሳቅሁም። ጥያቄዋ እስከ ዛሬ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ይቆረቁረኛል።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ጎንደር፣ አምቦበር አካባቢ፣ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። እኛ ቤተ እስራኤሎች ርስት አልነበረንምና የሰው መሬት በእኩል እናርሳለን፤ አባቴ ማረሻና ማጭድ ይሠራሉ፣ እናቴ ሸክላ ትሠራለች። አባቴ ገበያ ውለው ሲመለሱ በቀጥታ ቤት አይገቡም። ከሌላ ወገን ሰው ጋር ተነካክተው ውለዋልና መጀመሪያ ወንዝ ወርደው ገላቸውንም ልብሳቸውንም ያጥባሉ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» የሚሉን በዚህ ነበር። እኔ ታዲያ ልጅ ነኝ፤ ስልቻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሳያቸው እሮጣለሁ። እጃቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ። «ቁም!»

እቆማለሁ። ሸንኮራ ይዘውልኝ እንደመጡ ከሩቅ ይታየኛል። እሳቸው ወዲያ ማዶ፣ እኔ ወዲህ ማዶ። ሸንኮራውም አብሮ ይታጠባል። የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ እግዚአብሔር ማለት ለእኔ ያ ወንዝ ነበር፤ በእኔና በአባቴ መካከል የሚፈስ ነገር። ዓይናቸው ምን እንደሚመስል በቅጡ ያየሁት ታመው ከተኙ በኋላ ነው። እሳቸው እግዚአብሔርን ሲፈሩ፣ እኔ እሳቸውን ስፈራ፣ ሁለታችንም መሬት መሬቱን እያየን ኖርን።

እናቴ ሌላ ነበረች። በወር አበባዋ ጊዜ እንደ ሥርዓቱ ሰባት ቀን የመርገም ጎጆ ትገባለች። ጎጆው ዙሪያውን በድንጋይ የተከለለ ነው፤ እኛ ምግቧን ድንጋዩ ጋ አድርሰን እንመለሳለን። እህቴ ስትወለድማ እንደ ኦሪት ሕግ ሰማንያ ቀን ሙሉ ከቤት ራቀች። ወንድ ቢሆን አርባ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ድንጋዩ ማዶ ቆሜ «እግዚአብሔር ተቆጥቶሽ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች። «ኧረ የለም! ሊያሳርፈኝ ነው እንጂ። እዚህ ወፍጮ አለ? እዚህ እንስራ አለ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ሴቶቹ እዚያ ሲሳሳቁ ድምፃቸው እስከ ቤታችን ይሰማል።

እናቴ ስለ እግዚአብሔር ብዙ አታወራም፤ የምታወራው ስለ ሰንበት ነው። ቄሶቻችን «ትእዛዘ ሰንበት» የሚባል መጽሐፍ አላቸው፤ እዚያ ውስጥ ሰንበት እንደ ሴት ናት፣ ፈጣሪ ፊት ቆማ ለኃጢአተኛ ታማልዳለች። አባቴ አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ መጥፋቱን ሦስት ጊዜ ያያሉ፤ ፍም እንዳይቀር አመዱን ይበረብራሉ። እናቴ ዳቦዋን ሸፍና፣ ታጥባ፣ ነጭ ለብሳ፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው በር ላይ ትቀመጣለች። አንድ ቤት፣ አንድ ሰንበት። ልጅ ሆኜ ግን ሁለት አምላክ ያለን ይመስለኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ዓመተ ምሕረቱን በዚህ አገር አቆጣጠር ነው የምጽፈው። 24 ሜይ 1991 አርብ ነበር። አዲስ አበባ በኪራይ ቤት አንድ ዓመት ያህል ተቀምጠን፣ ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት፣ ወደ እስራኤል ኤምባሲ ግቢ ኑ ተባልን። በዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው መጓጓዙን፣ መቀመጫው ተነቅሎ የተጫነ አንድ ጃምቦ ብቻውን ከ1,000 በላይ ሰው መያዙን በትምህርት ቤት ተምራችኋል። ያልተማራችሁት የእኛ ቤተሰብ ተራ የደረሰው ሰንበት ከገባች በኋላ መሆኑን ነው።

አባቴ ደረጃው ሥር ቆሙ። «ሰንበት ገብታለች፤ አልሳፈርም።» ከኋላችን ሕዝብ አለ፣ ሞተሩ ይጮኻል። አንድ ቄስ ቀርበው ነፍስ ለማዳን ነው፣ ተፈቅዷል አሏቸው። አልተንቀሳቀሱም። በመጨረሻ እናቴ በሰው ፊት ነክታቸው የማታውቀውን እጃቸውን ያዘችና «ሰንበት ራሷ ናት የምታሳፍረን፤ ይውጡ» አለቻቸው። ወጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ደረሱ።

ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ በዚያ ቀን ይጾሙ ነበር። እኛ የገባንበትን ቀን እንጀራ ቆርሰን፣ ጠላ ቀድተን ስናከብር እሳቸው ክፍላቸው ዘግተው ይውላሉ። ለምን ብሎ የጠየቃቸው ልጅም የልጅ ልጅም የለም። እኔ አውቅ ነበር፤ ለልጆቼ ግን አልነገርኩም። የአባት ነገር አይነገርም ብዬ።

መጀመሪያ ኦቴል፣ ከዚያ ካራቫን፣ በኋላ በማሽካንታ ዮሴፍታል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ገዛን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የመርገም ጎጆ የት ይሠራል? ባለቤቴ በወር አበባዋ ጊዜ ወደ ትንሿ ክፍል ትገባ ነበር። በእነዚያ ቀናት ወጥ የሚሠራ የለም፤ አባቴ ከሹክ የገዙትን ዳቦና ሙዝ ይበላሉ። ባለቤቴ ሌሊት ተነሥታ ቢሮ ታጸዳለች፤ ከሥራ መልስ ደግሞ ክፍሏ ውስጥ ትዘጋለች። ዓመት ሳይሞላ «በአገራችን ጎጆው ዕረፍት ነበር፣ እዚህ እስር ቤት ሆነብኝ» ብላ ተወችው። እኔ ከአባቴ ወገን ሆንኩ። ሁለት ወር ሙሉ ከእሷ ጋር በልጆች አማካይነት ነው የተነጋገርነው፤ «እናትህን ጨው የት አለ በላት» እያልኩ። አባቴ ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። ሙዛቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ቁጣውን ሁሉ እኔ ነበርኩ የምቆጣላቸው።

ወደ በኩር ልጄ ልምጣ። በመጣን በጥቂት ወራት፣ በአሥራ ሦስት ዓመቱ፣ በአሊያት ኖዓር በኩል የሃይማኖት ፕኒሚያ ገባ። ያኔ አብዛኛው የእኛ ልጅ የተላከው እንዲያ ነው። ለመጀመሪያው ፋሲካ ሲመጣ ኪፓ አድርጓል፣ አማርኛው ተሰባብሯል። አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፕላታ ሰክቶ ምግብ አስቀመጠበት። ሰንበት እሳት የለም ብዬ ነቀልኩት። ራቡ ፈቅዷል አለና መልሶ ሰካው። ነቀልኩት። «አታ ሎ መቪን!» አለኝ፤ አንተ አይገባህም ማለቱ ነው። በጥፊ መታሁት። ምን እንዳስቆጣኝ ብትጠይቁኝ፣ ፕላታው አይደለም፤ ያቺ «አታ» ናት። ከዚያ በኋላ ጉልበቴን መሳም ተወ።

አደገ፣ ሠራዊት ገባ፣ የሺቫ ተማረ፣ አገባ። ሊጠይቀን ሲመጣ በናይሎን ከረጢት የፕላስቲክ ሳህን ይዞ መጣ። የእኛ ሳህን የሥጋና የወተቱ አልተለየም፤ በአገራችን ያንን ሥርዓት አናውቀውም ነበር። ሳህኑን ከከረጢቱ ሲያወጣ ሳየው አባቴ ወንዝ ዳር ቆመው ታዩኝ። ያን ጊዜ ገበያው ሌላ ነበር፤ አሁን ገበያው እኔ ሆንኩ።

ይህ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም። ራቭ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው፣ ከዳን ነገድ ናቸው ብለው ወስነው ነበር። ሆኖም ከእኛ በፊት በሱዳን በኩል የመጡትን ራባኑቱ ለመጋባት ውሃ ውስጥ ግቡ ስላላቸው በ1985 ኢየሩሳሌም ራባኑቱ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃውመዋል። ስንት ዘመን ከሌላው ታጥበን ኖረን፣ እዚህ ስንደርስ እኛን ልጠባችሁ አሉን። አሁን ደግሞ የገዛ ልጄ። ሲመጣ ክፍሌ ገብቼ እተኛ ጀመር።

ባለቤቴ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ። እኔ ስኮርፍ እሷ ልጁን ቀስ ብላ ጠየቀችው። ብርጭቆ ጣዕም አይመጥም፣ ችግር የለውም አላት። በማግሥቱ ሹክ ሄዳ ስድስት ትንንሽ ብርጭቆ ገዛች። ስኒዎቿን፣ ከአገር ቤት ያመጣቻቸውን፣ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠችና ቡናውን በብርጭቆ ቀዳችለት። ለማንም አልተናገረችም። ቀስ በቀስ አዲስ ድስት፣ አዲስ ቢላ መጣ፤ አንዱ መሳቢያ ተለየ። እኔ ያስተዋልኩት ከዓመት በኋላ ነው። እናቴን አስታወሰችኝ።

ፔታሕ ቲክቫ ማለት «የተስፋ በር» ነው፤ በ1878 ሲመሠርቷት ስሙን ከትንቢተ ሆሴዕ ነው የወሰዱት። ይህን የነገረኝ ልጄ ነው፣ በዚህ ከተማ በመኖሩ ይኮራ ነበር። በ2009 ትምህርት ሊከፈት ሲል እዚህ ከተማ ሦስት የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች የእኛን ልጆች አንቀበልም አሉ። በቴሌቪዥን ወጣ፣ ሰልፍ ተወጣ፣ የትምህርት ሚኒስቴር ገንዘብ እንከለክላለን ብሎ አስፈራራ። ያኔ የልጄ ልጅ አንደኛ ክፍል ሊገባ ነበር። አባቱን ጠርተው ቦታ የለም አሉት።

በዚያው ማታ ብቻውን መጣ። ከረጢት አልያዘም። ፊት ለፊቴ ተቀመጠና መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። «ሁሉን ጠብቄያለሁ» አለኝ። «ሰንበቱን፣ ሳህኑን፣ ሁሉን። ምን ቀረኝ?»

ዓመታት ሙሉ ያዘጋጀሁት ቃል ነበረኝ። ነግሬህ ነበር፣ የሚል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አቀማመጡን ሳየው የሚታየኝ እጅ የተነሣበት ልጅ ነው፤ ወንዙ ዳር «ቁም!» የተባለው። እግዚአብሔር ራሱ ቁም ያለው መስሎታል። «ና» አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ተነሥቶ መጣና ዝቅ ብሎ ጉልበቴን ሳመ፤ ከአሥራ ሦስት ዓመቱ ጀምሮ ያላደረገውን። እጄን ጭንቅላቱ ላይ አኖርኩ። ኪፓውን የነካሁት ያኔ ነው፤ ለስላሳ ነው ለካ።

የወንዙንና የሸንኮራውን ነገር ነገርኩት። የአያቱን ጾም ነገርኩት፤ በደረጃው ሥር ቆመው የነበረውን። በዚያ ቀን አያቱ የሚጾሙት ያዘኑብን መስሎት ይኖር ነበር።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?» አለኝ፣ በአማርኛ።

ባለቤቴ ቡና አመጣች፣ እንደ ወትሮው በብርጭቆ። ልጁ በኋላ ሌላ ትምህርት ቤት ገባ፤ የትኛው እንደሆነ አልጽፍም። በዚያ ማታ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ተቀመጥን፤ የተናገርነው ጥቂት ነው። «አልነገርከኝም» እንዳለኝ፣ አንቱ ሳይሆን አንተ እንዳለኝ ያስተዋልኩት እሱ ከሄደ በኋላ፣ ብርጭቆዎቹን ሳጥብ ነው።