ስለ ባለሜዳነት

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 17 ቀን 2025፣ በሰሜን ስፔን በምትገኘው በኦቪዬዶ ከተማ፣ ካርሎስ ታርቲየሬ በተባለው ስታዲየም፣ ሪያል ኦቪዬዶና ኤስፓኞል ለጨዋታ ተሰልፈው ዳኛው የመክፈቻውን ፊሽካ ከነፋ በኋላ፣ ተጫዋቾቹ በያሉበት ቆመው፣ ኳሱን ሳይከተሉ፣ ባላጋራቸውንም ሳይገፉ፣ 15 ሰከንድ ያህል ዝም ብለው ቆዩ። ጎል በገባ ቍጥር ነገሩን ከየአቅጣጫው እየደጋገመ የሚያሳየን የቴሌቪዥን ካሜራ ግን በዚያች ቅጽበት ከሜዳው ወጥቶ የስታዲየሙን የውጭ ግንብ መመልከት አማረውና፣ በቤቱ ሆኖ ጨዋታውን ይጠብቅ የነበረው ሕዝብ የተጫዋቾቹን መቆም ሳያይ ቀረ። በዚያው ሳምንት በሌሎች ከተሞች በተደረጉት ጨዋታዎችም ተጫዋቾች እንዲሁ ቆመዋል።

የተቃውሞው መነሻ ይህ ነበር። የስፔን ሊግ አስተዳዳሪዎች በፕሬዚዳንታቸው በሃቪዬር ቴባስ መሪነት፣ ከዓመቱ 380 ጨዋታዎች አንዱን፣ ይኸውም ቪላሪያል በሜዳው ባርሴሎናን ሊያስተናግድ የነበረበትን ግጥሚያ፣ ባሕር አሻግረው በአሜሪካ በማያሚ ከተማ፣ በሃርድ ሮክ ስታዲየም፣ በዲሴምበር 20 ለማጫወት ሬለቨንት ከተባለው ኩባንያ ጋር ተስማምተው ነበር። ተጫዋቾቹ በማኅበራቸው በኩል እንዳስታወቁት ግን፣ የሚሮጡትና የሚደክሙት እነርሱ ሆነው ሳለ፣ ስለ ጉዳዩ በግልጽ የነገራቸው፣ ቀርቦም ያማከራቸው አልነበረም።

ቪላሪያል 50 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት፣ ኑሮዋ በሴራሚክ ፋብሪካዎች ላይ የተመሠረተ፣ በካስቴዮን አውራጃ ያለች ታናሽ ከተማ ናት፤ የስታዲየሟም ስም ላ ሴራሚካ ነው። የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ የሆናችሁ ወዳጆቼ ይህን ክለብ እንዳስታውሳችሁ አያሻችሁም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በግዳንስክ ከተማ በፍጹም ቅጣት ምት 11 ለ 10 ረትቶ የዩሮፓ ሊግን ዋንጫ የወሰደባችሁ እርሱ ነውና። እንግዲህ ይህ ክለብ፣ ከትልልቆቹ ቡድኖች አንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ከተማይቱ የሚመጣበትን ቀን ለሌላ አገር አሳልፎ ሊሰጥ ሲስማማ፣ የዓመት ትኬት ከገዙት ደጋፊዎቹ ወደ ማያሚ ለሚሄዱት የጉዞአቸውን ወጪ ሊሸፍን፣ ለማይሄዱትም ከትኬቱ ዋጋ ሊቀንስላቸው ቃል ገባ። ልግስናው የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ካሣ የሚከፈለው ለተወሰደ ነገር ስለ ሆነ፣ ክለቡ ይህን ቃል በሰጠ ጊዜ ከደጋፊው አንድ ነገር እንደ ወሰደ በራሱ አንደበት መስክሯል ብዬ አምናለሁ።

ዐሳቡ ከብዙ ዘመን በፊት የተጠነሰሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ሪቻርድ ስኩዳሞር በ38ቱ ጨዋታዎች ላይ 39ኛ ጨምረው በውጭ አገር ከተሞች ለማጫወት ዐሳብ ቢያቀርቡ፣ ከደጋፊውም ከእግር ኳስ ሹማምንቱም የተነሣባቸው ቍጣ እጅግ ስለ በረታ ሳይውል ሳያድር ተዉት። በ2018 ደግሞ ይኸው የስፔን ሊግ የዢሮናንና የባርሴሎናን ጨዋታ ወደ ማያሚ ሊወስድ ተነሥቶ፣ የስፔን ፌዴሬሽንና ፊፋ ስለ ተቃወሙት ባርሴሎና ራሱ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ በኋላ ሬለቨንት ፊፋን በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ክሱም ዓመታት ፈጅቶ በ2024 ፊፋ ከኩባንያው ጋር ተስማምቶ ሲወጣ፣ ቀድሞ ተዘግቶ የነበረው በር ገርበብ አለ። በ2025 ኦክቶበር የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር፣ ዩኤፋ፣ ነገሩን እንደማይወደው፣ ለሌላም ጊዜ አብነት ሊሆን እንደማይገባው እየተናገረ፣ ነገር ግን የሚከለክል ግልጽ ሕግ ስላላገኘ ሳይወድ በግድ ፈቀደ። አልወደውም እያለ የሚፈቅድ ዳኛ በየትኛውም ሸንጎ ሲታይ የሚያስገርም ነው።

ፈቃዱ ከተሰጠ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ አልፎ፣ ቪላሪያል በሜዳው ከማንችስተር ሲቲ ጋር የሻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ ይጫወት በነበረበት በኦክቶበር 21 ምሽት፣ ተጫዋቾቹ ለዕረፍት በወጡበት ሰዓት፣ የማያሚው ጨዋታ መቅረቱ ተነገረ። አሠልጣኙ ማርሴሊኖ ከጨዋታው በኋላ በጋዜጠኞች ፊት ቀርበው፣ እንዲህ ያለ ነገር በእንዲህ ያለ ሰዓት መነገሩ ክለቡን እንደ መናቅ ነው ብለው ተቈጡ፤ እውነትም ነበራቸው። ሊሄድ የነበረው ቡድን የመቅረቱን ዜና የሰማው በገዛ ሜዳው፣ ሸሚዙን ሳያወልቅ ነው። ጨዋታውም በዲሴምበር 21 በላ ሴራሚካ ተደርጎ ባርሴሎና 2 ለ 0 አሸነፈ።

አንዳንድ ሰዎች የስፔን ሱፐር ካፕ ከ2020 ጀምሮ፣ ከ2021 በቀር፣ በሳዑዲ ዐረቢያ መደረጉን፣ የኢጣሊያም ሱፐር ካፕ ከ1993 ጀምሮ በዋሽንግተን፣ በትሪፖሊ፣ በቤጂንግና በዶሃ መዞሩን ጠቅሰው፣ ይህስ ምን አዲስ ነገር አለው ይላሉ። ሱፐር ካፕ የማንም ከተማ ዕዳ የሌለበት የክብር ጨዋታ ስለ ሆነ፣ ባይጥመኝም፣ ብዙ አልከራከርበትም። የሊግ ነገር ግን ሌላ ነው። ሃያ ክለቦች እያንዳንዳቸው ከሌሎቹ ጋር ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በሜዳቸው ሌላውን በባላጋራቸው ሜዳ፣ እንዲገናኙ የተሠራው ሥርዓት የሊጉ ፍትሕ የቆመበት መሠረት ነው፤ ጠንካራው ቡድን ዋንጫ ለመውሰድ በየታናሹ ከተማ እየሄደ፣ በየጠባቡ ሜዳ፣ በባዕድ ሕዝብ ጩኸት መካከል መፈተን አለበት። ባርሴሎና ወደ ላ ሴራሚካ መሄዱ ቀርቶለት በማያሚ ቢጫወት ኖሮ፣ ሌሎቹ ለዋንጫ የሚፎካከሩት ቡድኖች ሁሉ ያለፉበት አንድ ፈተና ለእርሱ ብቻ በቀለለት ነበር። ሪያል ማድሪድ ዐሳቡን አጥብቆ የተቃወመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለ ቪላሪያል ደጋፊዎች አዝኖ ነው ቢባል ግን እኔ አላምንም።

በጎጃምና በጎንደር በነበረው በቀድሞው የርስት ሥርዓት፣ ባለርስቱ መሬቱን ያርሳል፣ ፍሬውን ይበላል፣ ለልጁም ያወርሳል፤ ነገር ግን ርስቱ ከአቅኚው አባት የሚወለዱ ሁሉ ድርሻ ያለበት ስለ ሆነ፣ ዘመዶቹ ሳይስማሙ ለባዕድ ሊሸጠው ሥልጣን አልነበረውም። የሜዳ ጨዋታም ለእኔ እንዲሁ ይታየኛል። ክለቡ ትኬቱን ይሸጣል፣ የሥርጭቱንም ገንዘብ ይወስዳል፤ ጨዋታው በዚያ ቦታ መደረጉ ግን ከአያቶቹ ጀምሮ በዚያ ሜዳ ዙሪያ የተሰበሰበው ሕዝብ ድርሻ ነውና፣ የዛሬዎቹ አስተዳዳሪዎች ብቻቸውን ተቀምጠው የሚፈርሙበት ነገር አይደለም።

የሊጎቹ ዋና መከራከሪያ ደጋፊው ዛሬ በዓለም ሁሉ ስለ ተበተነ ወደ እርሱ መሄድ ይገባናል የሚል ነው። ይህ ቃል የሚነካው እንደ እኔ ያለውን ሰው ነው፤ እኛ ኢትዮጵያውያን የሩቅ ደጋፊዎች ነንና። በአዲስ አበባም ሆነ በክፍለ ሀገር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኳስ ማሳያ ቤቶቹ በር ላይ የዕለቱ ግጥሚያዎችና ሰዓታቸው በኖራ የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ ይቆማል፤ በውስጥም ጕልበት ለጕልበት በሚነካካበት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የአርሴናሉና የዩናይትዱ ደጋፊ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ከሠፈራቸው ርቀው የማያውቁ ሰዎች ስለ አንፊልድና ስለ ኦልድ ትራፎርድ እንደ ቤታቸው ጓሮ ይከራከራሉ። ይህ ሁሉ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የሚገባው ያ ጨዋታ በሌላ ቦታ፣ በሌሎች ሰዎች መካከል፣ በእነርሱ ዝናብና በእነርሱ ዝማሬ ሥር የሚደረግ ስለ ሆነ ነው። ከዚያ ቦታ ነቅለው ለእኛ እንዲመች ወደ መካከለኛ ስፍራ ቢያመጡልን፣ የምንወደው ነገር በመንገድ ላይ ይቀራል። ደግሞስ እውነቱን እንነጋገርና፣ ወደ ሩቅ ደጋፊ እንሄዳለን የሚሉት ሁሉ መንገዳቸው ወደ ማያሚና ወደ ጂዳ እንጂ ወደ መርካቶ ሲሆን አላየንም።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ኳስ ሲናፍቃቸው ያደረጉትን ማየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1984 በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽንን መሥርተው፣ በየዓመቱ በበጋቸው ወራት በልዩ ልዩ ከተሞች እየተሰበሰቡ የራሳቸውን ውድድር ያደርጋሉ፤ ለዚህም ሲሉ ከአዲስ አበባ ወይም ከሐዋሳ ሕዝብ አንድም ጨዋታ አልወሰዱም።

ሳይወድ በግድ ከሜዳው የወጣ ሰው የሜዳውን ዋጋ ያውቃል፤ በዚህ ረገድ እኛ ከስፔኖቹ የበለጠ ልንመሰክር እንችላለን። በጥር 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በሉቻኖ ቫሳሎ አምበልነት፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ያው ቡድን በውበቱ አባተ አሠልጣኝነት ያንኑ ግብጽን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 ረታ፤ በሥርዓቱ መዝገብ ባለሜዳው ኢትዮጵያ ነበረ፤ ጨዋታው የተደረገው ግን በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር ስታዲየሞቻችሁ መስፈርቱን አያሟሉም ስላለን፣ የእንግዳ ተቀባዩን ወንበር በእንግድነት አገር ዘርግተን መቀመጥ ግድ ሆነብን። ድሉ ድል ነበረ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ድል በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ሜዳ ማየት የነበረበት ትውልድ በስክሪን አይቶት አለፈ።

በሀገር ውስጥም ቢሆን የደረሰብን ከዚህ የራቀ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በወረርሽኙ ምክንያት ፕሪሚየር ሊጉ ክለቦቹን ሁሉ በአንድ ከተማ እየሰበሰበ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ከጅማ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐዋሳ እየተዘዋወረ ሲካሄድ፣ ፋሲል ከነማ በታሪኩ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ወሰደ። ዐፄዎቹ የሚባለው ይህ ቡድኗ ሻምፒዮን የሆነበትን ያን ዓመት ጎንደር በፋሲለደስ ስታዲየሟ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳታይ አሳለፈችው። ወረርሽኙ ካለፈም በኋላ ለሥርጭቱና ለሜዳው ጥራት ይመቻል ተብሎ ሥርዓቱ ቀጠለ፤ ጊዜያዊ ተብሎ የገባ ነገር እንዴት ቋሚ እንደሚሆን ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የቀረበ ማስረጃ አላውቅም። ቡድኑ በሆቴል፣ ደጋፊው በከተማው፣ በጨዋታ ቀን በስታዲየሙ በር ቆሎና ስካርፍ ሸጦ የሚያድረውም ሰው ያለ ገበያ ይቀራል።

ከዚህም የከፋ አለ። በጦርነት ምክንያት የሱዳኖቹ አል ሂላልና አል መሪኽ ከኦምዱርማን ተሰድደው እ.ኤ.አ. በ2024/25 የውድድር ዘመን በሞሪታንያ ሊግ ውስጥ ተጫወቱ፤ አል ሂላል እንዲያውም ከባለሀገሮቹ ሁሉ በላይ ሆኖ ጨረሰ፤ ቀጥሎም ሁለቱም ወደ ሩዋንዳ ሊግ ገቡ። የዩክሬኑ ሻክታርም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የገዛ ከተማውን ዶኔትስክን አላየም። እነዚህ ሰዎች ወደ ሜዳቸው ለመመለስ ማንኛውንም ነገር የሚከፍሉ ሆነው ሳለ፣ ሰላም ባለበት አገር፣ ሣሩ ተከርክሞ፣ ወንበሩ ተጠርጎ በተዘጋጀበት ሜዳ ላይ ተቀምጦ፣ ገንዘብ ስላገኘ ብቻ በፈቃዱ ወደ ስደት ለሚሄድ ክለብ ምን ስም እንደሚሰጡት እነርሱን መጠየቅ ይሻላል።

እንደ ስፔኖቹ የሊግ ጨዋታ ወደ ውጭ ሊወስዱ የተነሡት የኢጣሊያኖቹ ምክንያት ለጊዜው የተሻለ መስሎኝ ነበር፤ ሚላን ከኮሞ ጋር የሚያደርገውን ጨዋታ በ2026 ፌብሩዋሪ ወደ አውስትራሊያ ወደ ፐርዝ ሊወስዱ ያሰቡት የሚላን ሜዳ ሳን ሲሮ በክረምት ኦሎምፒክ መክፈቻ ስለሚያዝ ነው ብለዋልና። ነገር ግን በኢጣሊያ ስታዲየም የጠፋ ይመስል፣ ሚላንና ኮሞን የሚያህሉ፣ በመኪና አንድ ሰዓት የማይፈጅ መንገድ የሚለያቸው ጎረቤታሞች፣ ለመገናኘት ከ13 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መብረራቸው እንዴት የቅርቡ መፍትሔ ሆኖ ተገኘ? የሚላኑ አድሪየን ራቢዮ ነገሩ ዕብደት ነው ብሎ ሲናገር፣ የሊጉ ሥራ አስኪያጅ ሉዊጂ ዴ ሲየርቮ ሚሊዮኖች እንደሚከፈሉት አስታወሱት፤ ደሞዝ የሚበላ ሰው አስተያየት የለውም እንደ ማለት ነው። በዲሴምበር ይህም ጨዋታ፣ የእስያ እግር ኳስ ማኅበር ያቀረባቸውን ሁኔታዎች ኢጣሊያኖቹ ስላልተቀበሉ፣ ቀረ።

ሁለቱም እንግዲህ ቀሩ፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም የቀሩት በክርክር ተረትተው ሳይሆን ጊዜ በማጠሩና ሁኔታው ባለመመቸቱ ስለ ሆነ፣ ዐሳቡ በሌላ ዓመት በሌላ ከተማ ስም ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ፊፋ ስለዚህ ነገር ደንብ የሚያወጣ ከሆነ፣ የፌዴሬሽኖችንና የአህጉር ማኅበራትን ፈቃድ ብቻ ዘርዝሮ እንዳያበቃ፣ የዓመት ትኬት የገዙት ደጋፊዎች በድምፅ እንዲጠየቁ አንድ አንቀጽ ይጨምርበት። የቪላሪያል ሰዎች ተሰብስበው፣ ወደ ማያሚ ይሂድልን ብለው በብዙ ድምፅ ቢወስኑ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ የምጨምረው ቃል የለኝም።